ያላነበብኩት ሩብ

ዳታቤዝ ውስጥ ዋሽቻለሁ። ውሸቱ አንድ መስመር ነው፤ ሦስት ዓምድ አለው። የመጀመሪያው ቁጥር ነው፤ 2 ይላል። ሁለተኛው ስም ነው፤ የኔ ስም። ሦስተኛው «ተነቧል?» ብሎ ይጠይቃል፤ «አዎ» ብያለሁ። አላነበብኩም ነበር።

ሥራዬ ሶፍትዌር መሥራት ነው። በአንድ ቀን ብዙ መስመር እጨምራለሁ፣ እሰርዛለሁ፣ እቀይራለሁ፤ ሲስተሙ እስካልወደቀ ድረስ አንዱም እንቅልፍ ነስቶኝ አያውቅም። ይቺ መስመር ግን አምስት ወር ሙሉ አብራኝ ተኛች፣ አብራኝ ተነሳች። ለምን እንደሆነ እንዲገባችሁ ስለ አንድ ምልክት ላውራችሁ። ስምንት ጫፍ ስላላት ኮከብ።

አባባ፣ የእናቴ አባት፣ ወደ አኼራ የሄዱት በ2015 ግንቦት መጨረሻ ላይ ነው፤ ሚዛን ተፈሪ፣ ገና ክረምቱ ሲጠና። እኔ አዲስ አበባ ነበርኩ። በጅማና በቦንጋ በኩል ያለውን መንገድ ቀኑን ሙሉ ተጉዤ ስደርስ ተቀብረዋል። ሙስሊም ቀብር አይጠብቅም፤ ይሄን እያወቅኩም መንገድ ላይ ሾፌሩን በሆዴ ስራገም ነበር። ግቢው ውስጥ ድንኳን ተጥሏል፤ ድንኳኑን የተከሉት፣ ወንበር ያመጡት፣ ውሃ የቀዱት ከሙስሊሙ እኩል ክርስቲያን ጎረቤቶች ናቸው። ሚዛን እንዲህ ናት። ቤንች፣ ከፋ፣ ሸኮ፣ አማራ፣ ኦሮሞ፣ ጉራጌ፣ ሁሉም ቡና ያገናኘው ሰው ነው።

እኛ ቤት ሰው ሲሞት ኸትም ይደረጋል። ቁርአን ከዳር እስከ ዳር ይነበብና ምንዳው ለሟች ይሰጣል። ይሄን የማይቀበሉ ሙስሊሞች እንዳሉ አውቃለሁ፤ የቤተሰቡ ቴሌግራም ግሩፕ ላይም ክርክር ተነስቶ ነበር። እምዬ (አያቴ ናት) በድምፅ መልእክት «ተከራከሩ፤ ግን እያነበባችሁ» አለችና ክርክሩ እዚያው ቆመ።

ድሮ ቢሆን ቀላል ነበር። ሠላሳ ሰው ይሰበሰባል፣ ቁርአን ሠላሳ ጁዝ ነው፣ ለእያንዳንዱ አንድ ይደርሰዋል፣ በአንድ ጠዋት ያልቃል። አሁን ግን ቤተሰቡ ተበትኗል። ሚዛን አለ፣ ቴፒ አለ፣ ጅማ አለ፣ ደሴ አለ፣ አዲስ አበባ አለ፣ ሪያድና ዱባይ አለ። አንድ ጁዝ ደግሞ ሃያ ገጽ ገደማ ነው። ሪያድ ሰው ቤት የምትሠራው የአክስቴ ልጅ «ሃያ ገጽ መቼ ላንብብ? ስልኬን እንኳን የማገኘው ሌሊት ነው» ብላ ጻፈች፤ ከሥሩ የሚያለቅስ ፊት። ከዚያ በኋላ ብዙ ሰው ዝም አለ። መሳተፍ ፈልጎ ሃያ ገጽ የከበደው ሰው ብዙ ነበር ማለት ነው።

መቼም ኢንጂነር ሐዘን ላይ ሲሆን ምን ያደርጋል? ሒሳብ ይሠራል። ሠላሳው ጁዝ እያንዳንዱ ለሁለት ሒዝብ ይከፈላል፤ 60 ሒዝብ። እያንዳንዱ ሒዝብ ለአራት ሩብ ይከፈላል፤ 240 ሩብ። በብዛት የሚታተመው የመዲናው ሙስሐፍ 604 ገጽ ነው፤ ለ240 ስታካፍሉት ለአንድ ሩብ ሁለት ገጽ ተኩል ይደርሰዋል። ሁለት ገጽ ተኩል ሌሊት ላይ ስልክ ለምታገኝ ልጅም አይከብዳትም። «በቃ በሩብ እናድርገው፣ እኔ ገጽ እሠራለሁ» አልኩ። እዚያው ሐዘን ቤት፣ ከድንኳኑ ጀርባ፣ የላፕቶፔ ባትሪ እስኪያልቅ ሠራሁት። ስልክ ላይ የሚከፈት ቀላል ገጽ፤ 240 ግራጫ ኮከቦች። የወሰድከውን ሩብ ስታነብ ትነካዋለህ፣ አረንጓዴ ይሆናል።

ለምን ኮከብ? ምክንያቱም ሙስሐፉ ላይ ሩቡን የሚያመለክተው ምልክት እሱ ነው። የመዲናውን እትም የከፈተ ሰው አይቶታል፤ በጽሑፉ መሐል፣ አዲስ ሩብ በሚጀምርበት ቦታ፣ ስምንት ጫፍ ያላት ኮከብ ቁጭ ብላለች፤ መሐሏ ላይ ትንሽ ክብ። ስሟ በዓረብኛ ሩብ አል ሒዝብ ነው። አማርኛ ተናጋሪ ደግሞ ይሄን ስም ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልገውም። ሩብ ያው ሩብ ነው። ሒዝብ የሚለውም ከኛው ሕዝብ ጋር ዘመዳሞች ናቸው፤ በዓረብኛ ወገን፣ ቡድን፣ ክፍል ማለት ነው። ልጅ ሆኜ «የሕዝብ ሩብ» ማለት ይመስለኝ ነበር። ለሕዝብ የተሰጠ ድርሻ፣ እንደ ራሽን።

አሠራሯ ደግሞ ለፕሮግራመር ስጦታ ነው። አንድ ካሬ ሣል። እኩል የሆነ ሌላ ካሬ በላዩ ደርብ። ሁለተኛውን 45 ዲግሪ አዙረው። አለቀ፤ ሦስት መስመር ኮድ አይሞላም። ሁለቱ ካሬዎች ከስፋታቸው 83 በመቶ ያህሉን ይጋራሉ፤ ኮከብ የሚያደርጋቸው ያ የማይጋሩት 17 በመቶ ነው። መጀመሪያ ግን መሣል አላሰብኩም ነበር፤ ኮከቧ ራሷ እንደ ፊደል ተቆጥራ በዩኒኮድ ውስጥ አለች። ዩኒኮድ ማለት የዓለም ፊደላት ሁሉ ቁጥር የተሰጣቸው መዝገብ ነው። የሷ ቁጥር 1758 ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው እትም ላይ አለች። የኛ ሀ 4608 ላይ ናት፤ እሷን እስከ 1999 አስጠብቀዋታል። ቁጥሯን ጻፍኩ፣ ኮምፒውተሬ ላይ ታምር ሆነች። ከዚያ የአጎቴ ስልክ ላይ ሳየው 240 ባዶ ሳጥን! ስልኩ ውስጥ ያለው ፎንት አያውቃትም። ስለዚህ ተመልሼ በካሬ ሣልኳት።

ሌላም ብልሽት ገጠመኝ። የቁርአኑን ጽሑፍ ጭኜ ኮከቦቹን በኮድ አስቆጠርኩ፤ ከ240 አነሱ። ሌሊቱን ሙሉ የኔ ስህተት መስሎኝ ስፈልግ አደርኩ። የኔ ስህተት አልነበረም። ሩቡ ከሱራ መጀመሪያ ጋር ሲገጥም ኮከብ አይታተምም፤ የሱራው ርእስ ራሱ ያስታውቃላ። በዚህ ምክንያት የመጀመሪያው ሩብ ኮከብ የለውም። ሙስሐፉን ከፍተህ መጀመሪያ የምታገኘው ኮከብ የሁለተኛው ሩብ ነው፤ የበቀራ ሱራ 26ኛ አንቀጽ ላይ። ትንኝ በምሳሌነት የተነሳችበት ቦታ ነው።

እምዬ ድርሻ ሲከፋፈል ሰምታ «ለሱ የትንኟን ስጡት» አለች። ለኔ ማለቷ ነው። ሌላው አምስትም አሥርም ወሰደ። እኔ አንድ ብቻ ደረሰኝ፤ ቁጥር 2።

የትንኟ ቦታ እኛ ቤት ታሪክ አላት።

አባባና እምዬ የወሎ ሰዎች ናቸው፤ ከደሴ በላይ ካለ ደጋ። በ1977ቱ ድርቅ ደርግ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሰው ከሰሜን እያነሳ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ሲያሰፍር እነሱም ተጭነው መጡ። የደጋ ሰው ከሚዛን በታች ያለ ቆላ ላይ አወረዱት። ዝናብ አለ፣ መሬት አለ፣ ዛፉ ለዓይን ያስፈራል፤ ወባም አለ። እናቴ ያኔ አልተወለደችም። ከሷ በፊት የሁለት ዓመት ሴት ልጅ ነበረቻቸው። በመጀመሪያው ክረምት ወባ ገደላት። ከዚያ ነው ቆላውን ትተው ወደ ሚዛን የወጡት፤ አባባ መጀመሪያ በሰው ማሳ ቡና ለቀሙ፣ ቀስ ብለው የራሳቸውን ተከሉ፣ ማታ ማታ ደግሞ የሰፈር ልጆች ቁርአን አስቀሩ።

እኔም ከነዚያ ልጆች አንዱ ነበርኩ። የአባባ ሕግ አንድ ነው፤ «ኮከቡ ድረስ»። ከኮከብ እስከ ኮከብ ሳትቀራ ቁርስ የለም። ኮከቡ ጋ ስትደርስ ደግሞ፣ ብትለምንም፣ አንዲት መስመር አያስጨምሩህም። «የነገውን ዛሬ አትብላ» ይላሉ። አንድ ቀን ጎበዝ ለመባል ብዬ አልፌ ሳነብ ሙስሐፉን ዘጉትና በረንዳው ላይ የተደረደረውን ኬሻ አሳዩኝ። ቡና በኛ አገር በፈረሱላ ነው የሚነገደው፤ አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው። «ኩንታሉን በአንዴ አንሳው እስኪ» አሉኝ። ስቄ ዝም አልኩ። «ፈረሱላውንስ?» ፈረሱላውን ያዝ አድርጌ ትንሽ ሄድኩ። «ሩብ ማለት የቁርአን ፈረሱላ ነው» አሉኝ። «ሰው እንዲሸከመው ነው የተከፈለው። ሲከብድህ ደግሞ ለጓደኛህ ታቀብለዋለህ።»

ያቺን የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ልብ በሉልኝ፤ በኋላ እመለስባታለሁ።

የትንኟ ቦታ ላይ ሲደርሱ አባባ ሁልጊዜ ቆም ይላሉ። አያለቅሱም፣ ምንም አይናገሩም፤ እኛን ልጆቹን ብቻ አንድ ጊዜ ዞር ብለው ይቆጥሩናል። ለምን እንደሚቆጥሩን ያወቅኩት ትልቅ ሆኜ፣ እናቴ ስለ እህቷ ስትነግረኝ ነው።

ጊዜው አርባ ቀን ነበር፤ በአርባው ሰደቃ ይወጣል፣ ኸትሙም እስከዚያ መሙላት አለበት። ሁለት ገጽ ተኩል በአርባ ቀን! አዲስ አበባ ተመልሼ በመጀመሪያው ቅዳሜ ሙስሐፉን ከፈትኩ። ኮከቧ አለች። ከኮከቧ ቀጥሎ ያለው መስመር ግን እምቢ አለኝ። ቁርአን መቅራት ያቆምኩት ስምንተኛ ክፍል ነው፤ ፊደሎቹን ለየብቻ አውቃቸዋለሁ፣ ሲቀጣጠሉ ግን ይጠፉብኛል። አንዲት መስመር ሃያ ደቂቃ ወሰደችብኝ፤ እሷንም በትክክል ማንበቤን አላወቅኩም። አምስት የፕሮግራሚንግ ቋንቋ እችላለሁ ብዬ ሲቪዬ ላይ የጻፍኩ ሰው ነኝ። ዘጋሁት።

በማግስቱ ሙስሐፉን አልከፈትኩም፤ ኮምፒውተሬን ከፈትኩ። ስለ ኮከቧ ማንበብ ጀመርኩ። ያው «ለገጹ ያስፈልገኛል» የሚል ሰበብ ነበረኝ። እውነት ለመናገር ብዙ አወቅኩ።

ለምሳሌ ኮከቧ ከእስልምና በብዙ ትበልጣለች። ባቢሎኖች ዛሬ ኢራቅ በምንለው አገር በድንጋይ ላይ ሲቀርጿት የኢሽታር ምልክት ነበረች፤ ንጋት ላይና ምሽት ላይ የምናያት የቬኑስ ኮከብ። ሙስሊሞች ያገኟትና የራሳቸው ያደረጓት በግንባታና በጌጥ ነው። ሰውና እንስሳ መስጊድ ውስጥ አይሣልም፤ ስለዚህ የእጅ ባለሙያው ጉልበት በሙሉ ወደ ጽሕፈት፣ ወደ ሐረግና ወደ ጂኦሜትሪ ሄደ። ኮምፓስና ማስመሪያ ላለው ሰው ደግሞ ከአንድ ክብ ውስጥ በቀላሉ ከሚወጡት ነገሮች አንዷ ይቺ ናት። ኢየሩሳሌም ያለው፣ እ.ኤ.አ. በ691 ገደማ የተሠራው የወርቅ ጉልላቱ ሕንፃ ዙሪያው ስምንት ግድግዳ ነው፤ አጥኚዎች ፕላኑን ሲተነትኑ የሚነሱት ከሁለቱ የተደራረቡ ካሬዎች ነው። ግራናዳ ያለው የአልሐምብራ ግድግዳ በሷ ተሞልቷል። ማሌዥያ ኳላ ላምፑር ውስጥ በ1998 ያለቁት 452 ሜትር የሚረዝሙት የፔትሮናስ መንትያ ማማዎች፣ በአግድም ቢቆረጡ የሚታየው የወለሉ ቅርጽ ከዚችው ኮከብ የወጣ ነው። አዘርባጃን በ1918 ሰንደቅ ዓላማዋ ላይ ከጨረቃ ጋር አድርጋት ነበር፤ ሶቪየቶች አነሷት፣ በ1991 ተመለሰች።

ከሁሉ ያስገረመኝ የኢራኗ ቫራሚን ናት። እዚያ ኢማምዛደህ ያሕያ የሚባል መቃብር ቤት አለ፤ ግድግዳው በ1262 በተሠሩ የሚያብረቀርቁ የሸክላ ንጣፎች ተሸፍኖ ነበር። ዛሬ አብዛኞቹ በዓለም ሙዚየሞች ተበትነዋል። ንጣፎቹ ባለ ስምንት ጫፍ ኮከቦች ናቸው። አሁን እናንተም ሞክሩት፤ እኩል ኮከቦችን ጫፍ ለጫፍ አገናኝታችሁ ደርድሩ። መሐል ላይ የሚቀረው ክፍተት ምን ዓይነት ቅርጽ አለው? መስቀል። ባለሙያዎቹ ያንን ክፍተት በመስቀል ቅርጽ ሸክላ ነው የሞሉት። ማንም መስቀል ልሥራ ብሎ አይደለም፤ ኮከብ ከደረደርክ መስቀል ይወጣል፣ መስቀል ከደረደርክ ኮከብ ይወጣል። ሒሳቡ ያስገድዳል።

ወደኛ አገር ስመጣም አገኘኋት። በብራና ላይ በግእዝ የሚጻፉት የክርስቲያን ክታቦች ብዙ ጊዜ ሥዕል አላቸው፤ ከሥዕሎቹ አንዱ ስምንት ጫፍ ያለው ኮከብ ሆኖ መሐሉ ላይ ዓይኑን ያፈጠጠ ፊት አለበት። ከሰሎሞን ማኅተም ጋር ያያይዙታል። ዓረቦቹም ለእንዲህ ዓይነቱ ኮከብ ኻተም ሱለይማን የሚል ስም አላቸው። ያው ሰው፣ ያው ማኅተም። ማኅተምና ኻተም ደግሞ ከአንድ ሥር የበቀሉ ቃላት ናቸው፤ ኸትምም እዚያው ቤት ነው። ማተም፣ ማሸግ፣ መጨረስ፣ መሙላት። አባባ በሞቱ ማግሥት ቤተሰቡ የያዘው ሥራ እና ደብተራው ብራና ላይ የሚሥለው ነገር ስማቸው አንድ ነው።

ይሄን ሁሉ ባወቅኩ ቁጥር ግሩፑ ላይ እለጥፋለሁ፤ ልብ ይዘንብልኛል። አንድ ሰው በአጭር ቪዲዮ «ይቺ ኮከብ የጣዖት ናት፣ ከቁርአን መጥፋት አለባት» ሲል አየሁና ሁለት ሌሊት ሙሉ ከሥሩ ስከራከር አደርኩ። «ምልክቷ የእምነት አርማ አይደለችም፣ ማንም አይሰግድላትም፣ የመነሻና የማረፊያ ምልክት ናት፣ እንደ ነጠላ ሰረዝ» ብዬ ጻፍኩ። ትክክል ነበርኩ። ግን በነዚያ ሁለት ሌሊቶች ያችን ሩብ አራት ጊዜ አነባት ነበር። ስለ ኮከቧ የማውቀውን ያህል እኛ ቤት ማንም አያውቅም፤ ከኮከቧ ቀጥሎ ያለውን ሁለት ገጽ ተኩል ግን ከኔ በስተቀር ሁሉም ያነበው ነበር።

ሠላሳ ዘጠነኛው ቀን ሌሊት 239 ኮከብ አረንጓዴ ሆነ። አንዷ ግራጫ ቀረች፤ ከላይ፣ ከመጀመሪያው ረድፍ፣ ሁለተኛዋ። ዓይን ውስጥ ነበር የምትገባው። አክስቴ «አንዷ የማን ናት? ነገ እኮ ነው» ብላ ጻፈች። ማንም እንዳይሸማቀቅ ብዬ ስሞቹን ከገጹ ላይ ደብቄያቸው ነበር። ስለዚህ የማን እንደሆነች የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

እዚህ ላይ ነው የአባባ ዓረፍተ ነገር የምትመለሰው። «አልቻልኩም፣ ያዙልኝ» ማለት እችል ነበር። ግሩፑ ላይ በዚያ ሰዓት ቢያንስ አሥር ሰው ነቅቷል፤ አንዱ በአሥር ደቂቃ ያነብልኝና ኸትሙ ይሞላ ነበር። ገጹን የሠራሁት ለዚሁ ነው፤ የከበደው ሰው እንዲያቀብል። ሪያድ ያለችው የአክስቴ ልጅ እንኳን ሦስት ወስዳ አንዷን «ደክሞኛል» ብላ ለእህቷ አቀብላለች፤ ማንም ምንም አላላትም። እኔ ግን ገጹን የሠራሁት ጎበዙ ልጅ ነኝ። ስለ ኮከቧ ሁሉን የማስረዳው ሰው «ማንበብ አልችልም» ልበል?

ገጹ ላይ ኮከቧን መንካት አፈርኩ። የማፍረው ከማን እንደሆነ አላውቅም። በዳታቤዙ በኩል ገባሁና አንዲት ትእዛዝ ጻፍኩ፤ ቁጥር 2 ላይ «አዎ»። ገጹን ሳድሰው 240 አረንጓዴ። ግሩፑ ተንጫጫ፤ ማሻአላህ፣ አላህ ይቀበል፣ አላህ ይዘንላቸው። ከዚያ ስልኬ ጮኸ። እምዬ ነበረች።

«ሞላ?» አለችኝ።

«ሞላ» አልኳት።

«አልሐምዱ ሊላህ» አለች፤ ትንሽ ዝም ብላ፣ «የትንኟን አንተ ነህ ያነበብካት አይደል?»

«አዎ እምዬ።»

አያችሁ፤ የዳታቤዙን መስመር ሰው አያየውም። ይሄኛው ግን በአፌ የወጣ ነው።

በኅዳር መጨረሻ ወደ ሚዛን ወረድኩ፤ የለቀማው ወቅት ነው። ከቦንጋ በኋላ መንገዱ ጫካ ውስጥ ይገባል፤ ከተማው አፋፍ ስትደርስ በየደጃፉ የተሰጣው ቀይ ቡና ይታይሃል፣ የሚፈላው የቡና ገለባ ሽታ መስኮት ዘግተህም ይደርስሃል። አባባ ከሞቱ ወዲህ ቤቱ ጠቧል፤ ወይ ሰፍቷል፤ የቱ እንደሆነ መለየት አልቻልኩም። ሙስሐፋቸው መደርደሪያው ላይ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ተቀምጧል።

እምዬ ቡና እየቆላች ነበር። ጀርባዋን እንደሰጠችኝ ባወራት ይሻለኛል ብዬ ጀመርኩ።

«እምዬ፣ ያቺን የትንኟን አላነበብኳትም።»

«የቷን?»

«የኔን ድርሻ። ሞላ ያልኩሽ ውሸቴን ነው።»

መቁያውን ከምድጃው ላይ አላነሳችውም። ቡናው እንዳያር ማማሰሏን ቀጠለች። እስኪጠቁር፣ እስኪወዛ ድረስ አንድም ቃል አልተናገረችም። በሕይወቴ እንደዚያ የረዘመ የቡና ቆላ አላየሁም።

«አምስት ወር?» አለች በመጨረሻ።

«አምስት ወር።»

«ለምን ታዲያ?»

«ማንበቡ ጠፋብኝ። አፈርኩ።»

ዞር ብላ አየችኝ። የተቆጣች ትመስላለች፤ ደግሞ ያዘነች። «አንተ ልጅ፣ ለምን አልነገርከኝም? ስልክ አንስተህ ብትደውል እኔ በቃሌ እልልህ አልነበር!»

እምዬ ማንበብ አትችልም። የዓረብኛም የአማርኛም ፊደል አትለይም። ያላሰብኩት ነገር ይሄ ነበር፤ ከሠላሳ ዓመት በላይ በየምሽቱ፣ አባባ ሲቀሩ፣ ልጆች ሲያስቀሩ፣ እሷ እዚያው ጓዳ ነበረች። ያችን ሩብ ሳታነባት ታውቃታለች። መጠየቅ የነበረብኝ ሰው አምስት ወር ሙሉ ስልኬ ላይ የመጀመሪያው ቁጥር ነበር።

«ምን ትጠብቃለህ? ተነሳ፣ ውዱእ አድርግና አምጣው» አለችኝ።

ሙስሐፉን አውርጄ ፈታሁት። አቦሉ ሲቀዳ ጀመርኩ። በየመስመሩ እወድቃለሁ፤ እሷ ሲኒ እያጠበች፣ ጀበና እየደገመች፣ ቀና ሳትል ታነሳኛለች። «አይደለም፤ ሳበው።» «እዚያ ጋ ቁም።» «እንደገና።» ትንኟ ጋ ስደርስ እጇ ሲኒው ላይ ቆመ። አባባ ይቆሙ እንደነበረው ቆምን። እኔ የምቆጥራቸው ልጆች የሉኝም፤ እሷ ግን ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ዱዓ ይሁን ስም እየጠራች፣ አልጠየቅኳትም። ሌላ ሰው በአምስት ደቂቃ የሚጨርሰውን በረካው ሲቀዳ ጨረስኩት።

ልዘጋው ስል ወደ ቀጣዩ ሩብ ምልክት ጣቷን ቀሰረች። «ይቺ አበባ ጋ ስትደርስ ነው የሚያርፈው፤ እሳቸውም እዚህ ጋ ነበር ቡና የሚጠይቁኝ» አለች።

አበባ። ባቢሎን ሄጄ፣ ግራናዳ ሄጄ፣ ኳላ ላምፑር ሄጄ እዚህ ቤት ኮከቧን አበባ እንደሚሏት አላወቅኩም ነበር። «ኮከብ እኮ ናት እምዬ፣ ሩብ አል ሒዝብ ነው የምትባለው» ልላት አፌን ከፈትኩና ተውኩት። የምትሠራውን ሥራ ከኔ በተሻለ ታውቃለች፤ እዚያ ጋ ሰው ያርፋል፣ ቡናም ይጠጣል።

አዲስ አበባ ስመለስ ዳታቤዙን ከፈትኩ። ቁጥር 2 ላይ ያለው «አዎ» አሁን እውነት ሆኗል፤ ምንም ባልነካው ማንም አያውቅም። አንድ ዓምድ ጨመርኩ፤ «መቼ?» የሚል። የሌሎቹን ትክክለኛ ቀን ስለማላውቅ ለ239ኙም ከአርባው በፊት ብዬ ሞላሁ። የኔ ላይ የኅዳሩን ቀን ጻፍኩ። ከዚያ ስሞቹን ደብቃ የነበረችውን መስመር ከኮዱ ውስጥ አወጣኋትና ግሩፑ ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፤ «ሁለተኛዋ የኔ ነበረች። በጊዜዋ አልተነበበችም፤ ከብዳኝ ነበር።»

መጀመሪያ የመለሰችው ሪያድ ያለችው ልጅ ናት፤ እንደ ልማዷ ሌሊት። «ታዲያ አታቀብለኝም ነበር?» ብላ።